የተሰጠ መሣሪያና የሚጠግነው እጅ

የጦር መሣሪያ የሰው እጅ ሥራ ስለ ሆነ ያለ ሰው እጅ ብዙ ቀን አይኖርም። ጎራዴ ስለት ያሻዋል፤ ጠበንጃም መወልወያና ዘይት ያሻዋል፤ አውሮፕላን ግን ለአንዲት ሰዓት በረራ የብዙ ሰዓት የባለሙያ ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ መንግሥት በጦርነት ላይ ላለው ወዳጁ አውሮፕላንና ታንክ በስጦታ በላከለት ጊዜ ስጦታው በርክክቡ ቀን አያልቅም። ሞተሩ በተበላሸ ቍጥር፥ ብሎኑ በላላ ቍጥር፥ ስጦታው እንደ ገና ይሰጣል፤ ወይም እንደ ገና ይነሣል። ከዚህም የተነሣ ለጋሹን መንግሥት የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ይኸውም፥ ለጋሹ ራሱ ባልገባበት ጦርነት ውስጥ፥ የሰጠውን መሣሪያ የሚጠግኑ፥ ወታደር ያልሆኑ፥ በግል ኩባንያ ውል የተቀጠሩ ባለሙያዎች ወደ ጦርነቱ ምድር ይሂዱን ወይስ ይቅሩ? የሚል ነው።

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓ ዘመን በኖቬምበር 2024) የአሜሪካ መንግሥት እንደዚህ ያሉ የኩባንያ ሠራተኞች ወደ ዩክሬን ገብተው እንዲሠሩ በፈቀደ ጊዜ፥ ነገሩ ከዚህ በፊት ያልታየ መስሎ የታያቸው ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ያው መንግሥት ከ80 ዓመት በላይ አስቀድሞ በዚያው ጥያቄ ተፈትኖ ነበር። የተፈተነበትም ስፍራ ሩቅ አይደለም፤ በኤርትራ ደጋ ላይ በጉራዕ ሜዳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዘመን እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፥ በቅንፍ ያለው የአውሮፓ ነው።)

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመ ጊዜ እንግሊዝ ከጀርመንና ከኢጣሊያ ጋር ስትዋጋ፥ የአሜሪካ መንግሥት ገና ከጦርነቱ ውጭ ነበረ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እንግሊዝን ለመርዳት ያሰቡትን ሐሳብ ለሕዝባቸው ባስረዱ ጊዜ በምሳሌ ተናገሩ። የጎረቤቱ ቤት በእሳት የተያያዘበት ሰው የውሃ ማጠጫ ቱቦውን ሲያውስ አስቀድሞ ዋጋውን ክፈለኝ አይልም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቱቦውን መልሶ ይቀበላል አሉ። ከዚህም ሐሳብ ሌንድ ሊዝ የተባለው፥ ማዋስና ማከራየት ማለት የሆነው ሕግ ወጣና መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. (1941) ጸና። በዚህ ሕግ አሜሪካ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ለወዳጆቿ የሰጠችው ዕቃ ሁሉ 50 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዋጋ ነበረው።

የፕሬዚዳንቱ ምሳሌ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጐደለው። ቱቦው በእሳቱ አጠገብ ቢቀደድ ማን ይሰፋዋል? በ1933 ዓ.ም. በጋና ክረምት የሆነው ይህ ነው። የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖችና ታንኮች ወደ ግብፅ በደረሱ ጊዜ የእንግሊዝ መካኒኮች አላወቋቸውም፤ ሞተሩ ሌላ፥ መፍቻው ሌላ፥ የብሎኑም ልክ ሌላ ነበረ። በዚያም ላይ የሊቢያ በረሃ አሸዋ በማጣሪያው እየገባ ሞተሩን ይበላው ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሰኔ አካባቢ ወደ ካይሮ የመጣው የሩዝቬልት መልእክተኛ አቨሬል ሃሪማን ይህን አየ። መሣሪያው ብቻውን ተልኮ ባለሙያውና መለዋወጫው ወደ ኋላ የቀሩ እንደ ሆነ፥ የተሰጠው ነገር በአሸዋ ላይ የተጣለ ብረት ሆኖ እንደሚቀር ግልጽ ነበረ።

ነገር ግን ወታደር መላክ አይቻልም ነበር። አሜሪካ ገለልተኛ ነበረች፤ በ1932 ዓ.ም. (1939) የወጣው የገለልተኝነት ሕግ የአሜሪካ መርከቦች ጦርነት ወዳለበት ባሕር እንዳይገቡ ይከለክል ነበር፤ የማዋሱም ሕግ ቢሆን ይህን ክልከላ አላነሣውም። የጦርነት ምድር የሚባለው የትኛው ነው? የሚለውን ግን ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በአዋጅ ይወስኑ ነበርና፥ ነገሩ በዚህ በኩል ተከፈተ። የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከረንን፥ መጋቢት 23 ቀን አስመራን፥ መጋቢት 30 ቀን ምጽዋን ያዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የዓደን ባሕረ ሰላጤ ከእንግዲህ ወዲህ የጦርነት ስፍራ አይደሉም ብለው አወጁ። በከረን ተራሮች ላይ የሕንድና የእንግሊዝ ወታደሮች ያፈሰሱት ደም ለአሜሪካ የንግድ መርከቦች የምጽዋንና የሱዌስን መንገድ ከፈተ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መስከረም 3 ቀን 1934 ዓ.ም. (1941) ሩዝቬልት ለጦር ሚኒስትራቸው ለስቲምሰን ትእዛዝ ሰጡ። ትእዛዙም፥ እንግሊዞች በመካከለኛው ምሥራቅ የሚሠሩበት የአሜሪካ መሣሪያ የሚጠገንበትና የሚጠበቅበት፥ ሰዎችም ስለ እርሱ የሚማሩበት ስፍራ በፍጥነት ይቋቋም የሚል ነበር። ጀኔራል ራስል ማክስዌል የሚመሩት መልእክት ወደ ካይሮ ተላከ። ሥራውን የሚሠሩት ግን ወታደሮች ሳይሆኑ በውል የተቀጠሩ የኩባንያ ሰዎች እንዲሆኑ ተወሰነ። ዳግላስ የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ የአውሮፕላኑን ጥገና ተቀበለ፤ ጆንሰን፥ ድሬክና ፓይፐር የተባለው ኩባንያ ግንባታውን ያዘ፤ በኢራንም ጄኔራል ሞተርስ የጭነት መኪናዎችን የሚገጣጥም ሆነ። ፓን አሜሪካን የተባለው የአየር መንገድ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ አውሮፕላኖችን ከምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ተነሥቶ በካርቱም በኩል ወደ ካይሮ ለማሻገር ተዋውሎ ነበር።

ዳግላስ የጥገናውን ሥራ ያቋቋመው በጉራዕ ነው። ከአስመራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከደቀምሐረ አጠገብ፥ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ሜዳ ለኢትዮጵያ ታሪክ አዋቂዎች እንግዳ ስም አይደለም። በ1868 ዓ.ም. (1876) ዐፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ድል ያደረጉት እዚያው ነው። በዚያም ጊዜ በግብፅ ሠራዊት ውስጥ በከዲቭ እስማኤል ደመወዝ የተቀጠሩ አሜሪካውያን መኰንኖች ነበሩ፤ ከእነርሱም ታላቁ ጀኔራል ሎሪንግ ነበረ። መድፉና ጠበንጃው አዲስ፥ መኰንኖቹም በአገራቸው ጦርነት የተፈተኑ ሳሉ፥ ደመወዝ የቀጠረው እውቀት ለከዲቩ ድልን አላመጣለትም። ኋላም ኢጣሊያ በጉራዕ የአውሮፕላን ማረፊያና ካፕሮኒ የተባለውን ፋብሪካዋን ወርክሾፕ ሠራችበት፤ በኢትዮጵያም ላይ በዘመተችበት ጦርነት አገለገላት። ጠላት ሊገድልበት ያዘጋጀው አዳራሽ በ1934 ዓ.ም. የጠላትን ወዳጆች የሚወጋ አውሮፕላን የሚታደስበት ሆነ።

የስፍራው ምርጫ የማስተዋል ሥራ ነበረ። ጉራዕ ከግብፅ ግንባር ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የጀርመን ቦምብ ጣይ አይደርስበትም፤ አየሩም ብርድና ንጹሕ ስለ ሆነ የበረሃው አሸዋ የፈታውን ሞተር ለመገጣጠም ይመቻል። ከበረሃው ጦርነት የተጐዱ አውሮፕላኖችና ያረጁ ሞተሮች ወደዚያ እየመጡ፥ እየተፈቱና እየታጠቡ፥ እየታደሱም ይመለሱ ነበር። ከአሜሪካውያኑ ጋር ኢጣሊያውያንና የአገሩ ተወላጆች ይሠሩ ነበር። በምጽዋም ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የባሕር ኀይል መኰንን በኩባንያ የተቀጠሩ ጠላቂዎችና ሠራተኞች ይዞ፥ ኢጣሊያውያን በውሃ ያሰጠሙትን ታላቁን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በዚያ ሙቀት ውስጥ አነሣው፤ ከዚያም ወራት በኋላ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደ ምጽዋ እየገቡ ታደሱ።

እንግዲህ ነገሩ መልካም ከሆነ መከራው የት ነበር? መከራው በጠጋኙ በራሱ ላይ ነበር። ወታደር የሆነ ሰው ቢማረክ ሕግ አለው፤ ሰላማዊ ሰውም በቤቱ ሳለ ቢያዝ ሕግ አለው። በጦር ሰፈር ውስጥ መፍቻ ይዞ የተገኘ ሰላማዊ ሰው ግን በሁለቱ መካከል ነው። በ1900 ዓ.ም. (1907) በሔግ የተፈረመው ደንብ ጦርን የሚከተሉ ጋዜጠኞችና ስንቅ አቅራቢዎች፥ እነርሱንም የመሰሉ ወታደር ያልሆኑ ሰዎች ከጦሩ አለቃ የተሰጠ ወረቀት ከያዙ እንደ ጦር ምርኮኛ እንዲጠበቁ ያዝዛል። በ1941 ዓ.ም. (1949) የወጣው የጄኔቭ ስምምነትም ይህን አጸናው። ነገር ግን ወረቀት የሚጠቅመው የሚያነበው ጠላት ሲገኝ ነው። በሰላማዊው ውቅያኖስ በዌክ ደሴት የአሜሪካን ጦር ሰፈር ይሠሩ የነበሩ ከ1,100 የሚበልጡ የኩባንያ ሠራተኞች ታኅሣሥ 14 ቀን 1934 ዓ.ም. (1941) በጃፓን እጅ ወደቁ። ከእነርሱም በደሴቲቱ ላይ ለሥራ የተያዙት 98 ሰዎች መስከረም 26 ቀን 1936 ዓ.ም. (1943) ተረሸኑ። ቤተ ሰቦቻቸው የሸኟቸው ለጦርነት ሳይሆን ለደመወዝ ነበር።

የጃፓን አውሮፕላኖች ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ፐርል ሃርበርን ከመቱ በኋላ አሜሪካ በግልጽ ወደ ጦርነቱ ገባች፤ የገለልተኝነቱም ምክንያት ቀረ። ስለዚህ በየካቲት ወር የጦር ሚኒስቴሩ በባሕር ማዶ ያለው የኩባንያ ሥራ ሁሉ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ወታደር እጅ ይተላለፍ ብሎ አዘዘ። ምክንያቱም ግልጽ ነበረ። ሰላማዊ ሠራተኛ ውሉ በተፈጸመ ቀን ወደ ቤቱ ልሂድ ቢል ወታደራዊ ትእዛዝ አያግደውም፤ ጠላት በደረሰ ጊዜም ጠበንጃ አንሣ ቢሉት የሕጉን ጥበቃ ያጣል። ደግሞም ወታደሩና የኩባንያው ሰው በአንድ ሞተር ላይ ጐን ለጐን እየሠሩ ደመወዛቸው እጅግ የተለያየ እንደ ሆነ ማኅበሩ አይጸናም።

ትእዛዙ እንዲህ ያለ ቢሆንም፥ በስድስት ወር ውስጥ አልተፈጸመም። ወታደሮቹ ገና አልሠለጠኑም፤ የሚያመጣቸውም መርከብ አልተገኘም። በዚያው ወራት፥ ሰኔ 14 ቀን 1934 ዓ.ም. (1942)፥ ቶብሩክ ወደቀ፤ ሮሜል እስከ ኤል አላሜይን ገሰገሰ፤ በካይሮም የእንግሊዝ ጽሕፈት ቤቶች ወረቀታቸውን አቃጠሉ። በዚህ የጭንቅ ሰዓት በጉራዕ የነበሩት የኩባንያ መካኒኮች ሥራቸውን ለማያውቀው እጅ ጥለው ቢሄዱ ኖሮ፥ ጥፋቱ ከጠላት ቦምብ ጥፋት የሚያንስ አልነበረም። ስለዚህ ትእዛዙ በወረቀት ላይ እየኖረ ሥራው ቀጠለ። በኢራን በአባዳን ለሶቪየት የሚሰጠውን አውሮፕላን የሚገጣጥመው የዳግላስ ሥራ ወደ ጦሩ እጅ የገባው በ1935 ዓ.ም. (1943) የጸደይ ወራት ነው፤ የጄኔራል ሞተርስም የመኪና ሥራ ከዚያ በኋላ በበጋው ተከተለ። በኢራን በኩል ለሶቪየት የተገጣጠሙት የጭነት መኪናዎች፥ በኩባንያውም በጦሩም እጅ የተሠሩት በአንድነት ሲቈጠሩ፥ ከ150,000 በላይ ነበሩ። ጦርነቱ ወደ ቱኒዝያና ወደ ኢጣሊያ በተሻገረ ጊዜ ግን ጉራዕ ከግንባሩ እጅግ ራቀች፤ አገልግሎቷም በዚያው አበቃ።

የጉራዕ ነገር የሚያስተምረው ይህ ነው፤ የኩባንያው ጠጋኝ ድልድይ ነበረ እንጂ ቤት አልነበረም። ለጋሹ ወታደር መላክ ባልቻለበት፥ ተቀባዩም ጥበቡን ባላወቀበት ጊዜ ወንዙን አሻገረ። ድልድይን ገና ሳይሻገሩ የሚያፈርሱ ሰዎች ግን በውሃው ይወሰዳሉ።

በዚያው ዘመን ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበትን ደግ መንገድ ደግሞ ኢትዮጵያ በሰላም ሥራ አየችው። በ1938 ዓ.ም. (1945) የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተቋቋመ ጊዜ በጦርነቱ ተሠርተው የተረፉ ሲ-47 የተባሉ አውሮፕላኖች ተገዙ፤ አብራሪዎቹንና መካኒኮቹን ግን ቲ. ደብልዩ. ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በውል አመጣ። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሆነ። በውሉ የመጡት ባለሙያዎች አብረው እየሠሩ የአገሩን ልጆች አስተማሩ፤ በ1963 ዓ.ም. (1971) ገደማም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምእት ዓመት ፈጀ፤ ነገር ግን ባዕዱ እጅ ሲነሣ ሥራው አልወደቀም።

ተቃራኒውን ዓለም ያየው በአፍጋኒስታን ነው። አሜሪካ በዚያች አገር 20 ዓመት በቈየችበት ጊዜ የአፍጋኒስታንን አየር ኀይል አቋቋመች። የአገሩ መካኒኮች የለመዱት ሚ-17 የተባለውን የሩሲያ ሄሊኮፕተር ነበር፤ አብዛኛውንም ጥገና ራሳቸው ይሠሩት ነበር። ከ2009 ዓ.ም. (2017) አካባቢ ጀምሮ ግን በእርሱ ፋንታ ብላክ ሆክ የተባለው የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ይሰጣቸው ጀመር፤ የዚህም ጥገና ከሞላ ጐደል በኩባንያ ሠራተኞች እጅ ነበረ። የካቲት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. (2020) በዶሃ ከታሊባን ጋር የተፈረመው ስምምነት የሚወጡት ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ የኩባንያ ሠራተኞች፥ አሠልጣኞችና ረዳቶች ሁሉ ጭምር እንዲሆኑ ወሰነ። የስምምነቱ ነፍስ ያለው በዚህች ቃል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአሜሪካ መንግሥት በአፍጋኒስታን ጉዳይ ያቆመው ዋና መርማሪ፥ የኩባንያው ሰዎች ከወጡ ከአየር ኀይሉ አውሮፕላኖች አንዱም ዓይነት ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ ለውጊያ ብቁ ሆኖ እንደማይቈይ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. (2021) የጸደይ ወራት በዚያች አገር 17,000 ያህል የኩባንያ ሰዎች ነበሩ፤ በጥቂት ወራትም አብዛኞቹ ወጡ። ከዚያ በኋላ የአፍጋኒስታን መካኒኮች የተበላሸውን ብረት በስልክ መስኮት እያሳዩ በሩቅ ያለውን ባለሙያ ይጠይቁ ጀመር። ወታደሩም በሩቅ ምሽግ ተከቦ፥ ስንቅ የሚያመጣለትን፥ ቍስለኛውንም የሚያነሣለትን ሄሊኮፕተር ቢጠብቅ ቀረበት። ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ካቡል ወደቀች፤ 46 የሚሆኑ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ወደ ኡዝቤኪስታን ሸሹ። ለመንግሥቱ መውደቅ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረ፤ ሙስናም፥ የመሪዎች መለያየትም ነበረበት። ነገር ግን ያው መርማሪ በሚከተለው ዓመት፥ የወታደሩና የኩባንያው ሠራተኞች መውጣት ከምክንያቶቹ ሁሉ የበለጠ ክብደት እንዳለው ጻፈ።

ወደ ዩክሬንም የመጣው ያው የሩዝቬልት ዘመን ጥያቄ ነው። ሩሲያ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. (2022) ሰፊውን ወረራ ከጀመረች በኋላ አሜሪካና የአውሮፓ መንግሥታት ብዙ መሣሪያ ሰጡ፤ አሜሪካ ግን የኩባንያ ሰዎቿን ወደዚያ አላስገባችም። ከሰዎቿ አንዱ በሩሲያ ሚሳይል ቢሞት ወደ ጦርነቱ የምትሳብ መስሎ ታያት። ስለዚህ የተሰበረው መድፍና ታንክ በባቡርና በመኪና ተጭኖ ወደ ፖላንድ፥ ወደ ስሎቫኪያና ወደ ሊትዌኒያ ይወሰድ ነበር፤ ቀላሉ ብልሽትም በፖላንድ ካሉ አሜሪካውያን ጋር በምስልና በድምፅ እየተነጋገሩ ይጠገን ነበር። ከጦርነቱ ምድር ራቅ ያለ መጠገኛ ማቆም የጉራዕን ጥበብ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በ1934 ዓ.ም. ባለሙያው ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ ብረቱ ቀረበ፤ በዩክሬን ግን ብረቱ ድንበር አቋርጦ ወደ ባለሙያው ተጓዘ። መድፉ ለሳምንታት ከግንባሩ ሲጠፋ፥ በዚያ ስፍራ የቆመው እግረኛ የሳምንታቱን ዋጋ በሥጋው ይከፍላል።

ፓትሪዮት የተባለው ሚሳይል መከላከያ በ2015 ዓ.ም. (2023)፥ ኤፍ-16 የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች በ2016 ዓ.ም. (2024) ክረምት በደረሱ ጊዜ ግን ነገሩ ጠነከረ። እነዚህ በቀላሉ ተጭነው የሚሄዱ፥ በስልክም የሚጠገኑ አልነበሩም። በመጨረሻ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ ተሰማ። ቍጥራቸው ጥቂት የሆነ፥ ከግንባሩ ርቀው የሚቀመጡ፥ የማይዋጉ የኩባንያ ባለሙያዎች እንዲገቡ ተፈቀደ። ጦርነቱ ከተጀመረ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ አልፎ ነበር። ሩዝቬልት ግን የማዋሱ ሕግ በጸና በስድስት ወር ያህል ጊዜ ትእዛዙን ሰጥተው ነበር።

የፈሩትን ሰዎች ሁሉ በፍርሃታቸው መንቀፍ አይገባም። የዌክ 98 ሟቾች ለፍርሃቱ ምስክሮች ናቸው፤ በኩባንያ ደመወዝ የሞተ ሰው እንደ ወታደር በሰልፍ አይቀበርም፤ ስሙም በሐውልት ላይ ለመጻፍ ይዘገያል። ስለዚህ የሚልከው መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች ሕጋዊ ወረቀታቸውን፥ መጠለያቸውን፥ ለቤተ ሰባቸውም ካሳውን አስቀድሞ ሊያሰናዳ ይገባዋል እንጂ፥ ወታደር አይደሉምና በእኔ አይቈጠሩም ሊል አይገባውም። መሣሪያውን የሰጠ ሰው መሣሪያው የሚጠይቀውን እጅ ሲነፍግ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን ነሣ፤ የተቀባዩም ወታደር በሙሉ ስጦታ ተማምኖ በግማሹ ይሞታል።

ተቀባዩም የራሱ ዕዳ አለበት። በሰው ወርቅ አይደምቁም እንደሚባለው፥ በባዕድ እጅ ብቻ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ልጓሙ በባዕድ እጅ ያለ ፈረስ ነው፤ ባለ ልጓሙ በፈለገ ቀን ይቆማል። የመጣው ባለሙያ በሚሠራበት በእያንዳንዱ ቀን የአገሩ ልጅ አጠገቡ ቆሞ መፍቻውን ማቀበል፥ ከዚያም መያዝ፥ ከዚያም ብቻውን መሥራት ይገባዋል። የአፍጋኒስታን ሰማይ ዝም ያለው አውሮፕላን ስለ ጠፋ አይደለም፤ አውሮፕላኖቹ በሜዳው ቆመው ሳሉ የሚያስነሣቸው እጅ ስለ ታጣ ነው።